የጸጉር ቆራጩ ፖስታ

መቀሴን ስስል ነው ዶክተር ያሩ የመጣች፣
በጭቃ ቦት ጫማ ደጄን የረገጠች።
«ጉ ዴሹን፣» አለችኝ፣ «የቆረጥከውን ጸጉር
ወደ እሳት አትጣለው፤ አለው የሚናገር።
ከማጅራት በላይ አንድ ቁንጥር ያዝና
በየፖስታው ክተት፣ ስም ዕድሜ ጻፍና።»

ሳቅ አመለጠኝ እንጂ ምን እላታለሁ?
ሃያ ዓመት ሙሉ ጸጉር ጠርጌያለሁ፤
አንድም ዘለላ ቀና ብሎ አላወራኝም፤
እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝም።

ሳቄ ግን አጠረ።
በሹዋንግሊን መንደር ወንዙ የጋገረ ለት
ተራ ጠባቂ ነው ሰው ሁሉ በየቤት።
ምድጃ ስትጭር የነበረች እናት
«ደረቴን» ትላለች፤ ይጠፋል የፊት ቅላት፤
ቢጫ ውሃ ወጥቷት፣ እጅ እግሯ ቀዝቅዞ፣
ጧት እናገኛታለን፣ ልጇ ጡቷን ይዞ።
ሕፃን ከሆነማ ፊቱ ብቻ ያብጣል፤
መሮጥ ያቆምና መቀመጥ ይመርጣል።

የኔዋ ሱዪን አምስት ዓመቷ ነበር።
ደፍ ላይ ተቀምጣ ሯጮቹን ስትቆጥር
«አባ፣ ደከመኝ» አለች።
«ተኚ» አልኳት። ተኛች።

«ረኃብ ነው» ብትለኝ ደሜ ፈልቶ ወጣሁ፤
ከጎተራ በቆሎ በቁና አመጣሁ።
«ይሄ ረኃብ ነው ወይ?»
እሷ ዝቅ ብላ አፈር ዘገነች፤
«እህልህ ሙሉ ነው፤ ይህች ናት የነጣች።
አፈር ያልሰጠውን እህል ከየት ያምጣ?
እህል ያላገኘው ልባችሁ ከየት ያውጣ?»

ስሙን ነገረችኝ፤ ሴሌኒየም ይሉታል፤
የሩቅ አገር ሰዎች በጨረቃ ስም ጠርተውታል።
ከጥፍር ትቢያ ያነሰ፣ ለዓይን የማይሞላ።
«በዚህች ነው የምንሞት?» አልኳት ቆይቼ ኋላ።
«መቀስህን» አለች፣ «ዘይት ለምን ትቀባለህ?»
«እንዳይዝግ።»
«ልብም ይዝጋል፤ ያውም ሲሠራ፣ ሲመታ።
ዝገቱን የሚጠርግ ሠራተኛ አለው፣ ጧት ማታ፤
መጥረጊያ አጥቶ ነው እጁን አጣጥፎ የቆመው።»

መጥረጊያዬን አየሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ከመስታወቴ ኋላ ቀይ ወረቀት ነበር፤
ለአዲስ ዓመት ብዬ ያስተካከልኩት ጸጉር፣
የሱዪን፣ የመጨረሻው።
«ይመለሳል?» አልኳት። ዓይኗን ሰበረችው።
«አይመለስም፤ በአሲድ ቀቅለን ነው የምናነበው።»
መቀስ ይዤ መጣሁ፣ ግማሹን ልሰጣት፤
እጄ እምቢ አለኝ፤ ደግሜ ልቆርጣት?
ሙሉውን ሰጠኋት።
ፖስታው ላይ ጻፍኩ፦ ሱዪን፣ ሴት፣ አምስት።
«ሙያ» የሚል መስመር ነበር፤ ባዶ ተውኩት።

በሰባት ወሩ መልሱ ማኅተም አርፎበት መጣ፤
ዜሮ፣ ነጥብ፣ ዜሮ፤ ከዚያ አንድ ቀጭን ቁጥር ወጣ።
ትርጉሙን አልጠየቅሁም።
ሁለቱ ዜሮዎች እንደ ዓይን አዩኝ፤ ዝም አልኳቸው።

ከዚያ ኪኒን መጣ፣ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ።
ጎረቤቴ ላይ ፉ፣ ያ ጡንቻው የሚያብጥ፣
«ጭብጥ ሙሉ ስጪኝ፣ ልቤ በሬ ይሁን» ቢላት
«በደቡብ ተራሮች፣» አለች፣ «ድንጋዩ ይህን ሞልቶት
የሰው ጥፍር ረግፏል፣ ጸጉሩም ከድቶት፤
ጉ ዴሹን እዚያ ቢከፍት ሥራ ፈት ነበር።»
ሳቅን። ከስንት ዘመን በኋላ፣ በዚያች ጠባብ በር።
ምሥጢሩ ሁሉ ተፈታ ግን አላለችም፤
«ሌላም የሚያባብስ አለ፤ ገና ነው፣ አልያዝነውም።»
ወደድኩላት። አላወቅሁም የሚል አፍ አይዋሽም።

ዘንድሮም ወንዙ ጋግሯል። ልጆች ላዩ ላይ ይሮጣሉ፤
ጆሯቸው ቀልቶ ይመጡና «አሳጥረው» ይላሉ።
ሱዪንን የሚያህሉ አሉ፤ የሚበልጧትም አሉ።
ማታ መጥረጊያ አነሣና
እጄ ይዘገያል፤ ወለሉ ገና
በሰው ወሬ እንደ ሞላ ደብዳቤ ነው።
ቀዩ ወረቀት እዚያው አለ፣ ባዶውን።
መቀሴ ላይ ዘይት ጠብ አደርጋለሁ።
ማክሰኞ ነው፤ ኪኒኔን እውጣለሁ።